አማቴ የተሳለሙት ፋሮ

አማቴ ዛሬ ሐይቅ ዳር፣ በቢኪኒ በተጋደመ ሕዝብ መሀል፣ ጫማቸውን አውልቀው የድሮውን የጀልባ መብራት ማማ፣ ፋሮ የምንለውን፣ ተሳለሙ!

ፋሮው ክብ ነው፣ አሮጌ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው እኮ ነው።

ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ሮማ ድረስ የመጡት የልጄን እጮኛ ሊያዩ ነው። "ፈረንጅ ከሆነማ አልመርቅም" ብለው ነበር።

ልጄ በእፍረት ፎጣዋ ውስጥ ተደበቀች። ፈረንጁ እጮኛዋ ግን አማቴን አይቶ ጫማውን አወለቀና፣ በዋና ቁምጣው ሄዶ ግድግዳውን ሳመ።

"አንቺ! ይሄማ ሃይማኖት ያለው ልጅ ነው! ኑ ልመርቃችሁ!" አሉ አማቴ። እዚያው አሸዋው ላይ አንበርክከው መረቋቸው።

አሎራ፣ እንግዲህ ፋሮ መሆኑን ማን ይንገራቸው? እኔ እንደሆንኩ ሰርጉ ሳያልፍ ትንፍሽ አልልም!

የእናንተስ ሰዎች በሰው አገር ምን ተሳለሙ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።