የጠብታ ጠርሙሶች

የሆቴሉን ቧንቧ ሠራተኛ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰው ሁሉ "ጠብታ" ነው የሚለው። አንድ ቧንቧ ጠብ ካለ ምግብ አይበላለትም። ውሃ በመቆጠብ የሚያህለኝ የለም ብሎም ያምን ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ ጠራችው። "ውሃ እያባከንን ነው። በዚህ ወር ቆጣሪው ካልቀነሰ ጥገናውን ለውጭ ድርጅት እሰጣለሁ" አለችው። እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ማለት ነው።

"ግዴለም፣ መላ አለኝ" አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

አርባ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሞላና በአንድ ጠዋት በየመጸዳጃው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አንዳንድ ከተተ። ጠርሙሱ ቦታ ሲይዝ የሚፈሰው ውሃ ያንሳል። ወይ ሙያ!

በሳምንቱ ቆጣሪውን ቢያይ ጨምሯል። በቀጥታ ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ሄደ።

"እትዬ፣ አንሶላ ነው ወይስ መንገድ ነው የምታጥቡት?" አላቸው ኃላፊዋን።

"አንተ ጠብታ፣ እኛን ተወንና አሥራ ሁለት ቁጥር ግባ። መጸዳጃው ከትናንት ጀምሮ ዝም አላለም።"

ገባ። ክዳኑን ሲያነሳ የገዛ ጠርሙሱ ጋደም ብሎ፣ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ የሚዘጋውን ኳስ ተጭኖታል። ውሃው ይንፏፏል። አሥራ ሦስትም እንደዚያው። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ክፍል ቆጠረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሷ ለቅማለች፤ እሱ ማፍሰሱን ብቻ ነው የቻለበት።

ጠርሙሶቹን አውጥቶ ልብስ አጣቢዎቹን ማማት ይችል ነበር። እውነት ለመናገር አስቦታልም። ግን አፈረና አንዱን ጠርሙስ ይዞ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሌባው ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ" ብሎ ሁሉንም ነገራት።

"ሳይሞክሩት ነው?"

"ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ወር ሙሉ ዝም ነው ያለው።"

"ሰፈርዎ ውሃ አለ?"

ጠብታ ጫማውን አየ። "በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል።"

ሥራ አስኪያጇን ሳቅ አመለጣት። "እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለዎት" አለችው።

ጠርሙሶቹን ሁሉ አወጣ። ውሃው ቶሎ እንዲዘጋ የኳሱን ዘንግ ትንሽ ወደ ታች አጠፈና፣ በየክፍሉ ድምፁ ቀጥ እስኪል ጆሮውን ደግኖ ቆመ። በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው ቀነሰ፤ የውጭ ድርጅቱም ሳይጠራ ቀረ።

አሁን አንዷ ጠርሙስ የጥገና ክፍሉን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ትደግፋለች። እትዬ ባለፉ ቁጥር "እሷስ ሥራ አገኘች" ይላሉ።

"እኔም አልተባረርኩም" ይላል ጠብታ።