ሽሪምፕ የላጠ እጅ

ታላቅ ወንድሜ ከጅቡቲ ሲመለስ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የገባው። እራት ላይ በግራው ሲጎርስ እናቴ አየችው።

"በግራ መብላት ከማን ተማርህ?" አለችው።

ያን ጊዜ አወጣው። ሌባ ጣቱ ላይ ቀላ ያለ ጠጣር እብጠት አለ፤ የእጁ ጀርባ ላይ ሌላ፤ ከዚያ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው ወደ ክርኑ የሚወጡ ትንንሾች።

"የሌሊት ወፍ ናት" አለች እናቴ።

እኛ አገር እጅ ወይም ፊት ላይ ወጥቶ አልድን ያለ ነገር ሁሉ ቁንጭር ነው። የሌሊት ወፍ ስትሸናበት ይወጣል ይባላል፤ ሐኪሞች ግን የምታመጣው አንዲት ትንሽ ዝንብ ናት ይላሉ። እናቴ የመካነ ብርሃን ሰው ናት፤ እዚያ ጠባሳውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እናም እብጠቱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ቅጠል ተወቅጦ ተለጠፈበት። አባታችን ቄስ ናቸው፤ ጠበል ወሰዱት። እብጠቱ ግን ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ጣቱም አልታጠፍ አለ። ጓደኛው ባጃጁን ሊያሠራው ቃል ገብቶለት ነበር፤ የባጃጅ ነዳጅ ደግሞ በቀኝ እጅ ነው የሚሰጠው። ወንድሜ ማለዳ ማለዳ የበሩን መቀርቀሪያ ጨበጥ ለቀቅ እያደረገ ጣቱን ሲሞክር አየው ነበር።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን፤ እሱ፣ አባቴና እኔ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከእብጠቱ ፍቃ አስመረመረችና፣ "ቁንጭር አልተገኘበትም" አለች። "ሕመሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ግን ጣቱ እንደ ደረቀ ሊቀር ይችላል። ጅቡቲ ምን ነበር የምትሠራ?"

"ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበር" አሉ አባቴ ቀድመው።

"የባሕር ውኃ ወይም ዓሣ ነክተሃል?"

"ልጄ፣ ጸሐፊን ከዓሣ ምን አገናኘው?"

ወንድሜ፣ "አባ፣ ትንሽ ውጭ ቢቆዩልኝ" አላቸው።

"ምነው? ከኔ የሚሰወር ምን አለ?" አሉና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። የመነሣት ሐሳብ እንደሌላቸው ሦስታችንም ገባን።

"ጸሐፊ አልነበርሁም" አለ ወንድሜ እጁን እያየ። "ሆቴል ወጥ ቤት ሽሪምፕ ነበር የምልጥ።"

አባቴ ሽሪምፕ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሐኪሟ ስልኳ ላይ ፈልጋ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆይተው አዩት።

"አንበጣ ነው?"

"የባሕር ነው፣ አባ።"

"እንደ ዓሣ ክንፍ አለው?"

"የለውም። እግር ነው ያለው። እሾህም አለው፤ እሱ ነው የወጋኝ።"

ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አትብሉ ይላል። በኛ ቤት ይህ ሕግ እንደ ጾም ነው የሚጠበቀው፤ ወንድሜም ጸሐፊ ነኝ ያለው ለዚሁ ነበር።

"በላኸው?" አሉት።

"ላጥሁት እንጂ አልበላሁትም።"

አባቴ ስልኩን ለሐኪሟ መለሱላት። "ሰማሽ፣ ልጄ። እንግዲህ አድኝው" አሉ።

እሷም አስረዳችን። ባሕር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሐዋሲ አለ፤ ዓሣውንም ሽሪምፑንም ይይዛል፤ በተጫረ እጅ ይገባና ቀስ ብሎ ይራባል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ለዚህ ነው እጅ ላይ የሚቀመጠው። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። መድኃኒቱ የወራት ነው፤ ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም። ያን ዕለት ከእብጠቱ የወሰደችው ናሙናም ከብዙ ቆይታ በኋላ እሷ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ።

ያን ዕለት ከሆስፒታል ወደ ቤት ተመለስን። ደጃፋችን ስንደርስ አባቴ፣ "ከነገ ጀምሮ ክኒንህን እኔ ፊት ነው የምትውጠው" አሉት። ከቅዳሴ ሲመለሱ ይቀመጣሉ፣ እሱ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ያሳያቸዋል። "እንደ ሕፃን አረጉኝ እኮ" ይለኝ ነበር። እብጠቱ እየሟሸሸ ሄደ፤ ጣቱም ታጠፈ። ጫፉ ላይ ዛሬም ትንሽ ይገትረዋል፤ ባጃጁን ግን ሸጋ አድርጎ ይነዳል።

የሰፈሩ ልጆች ጅቡቲ ሲሄዱ አባታችን ዘንድ ለቡራኬ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ አባቴ መስቀል አሳልመው፣ መርቀው ሲጨርሱ፣ "ሥራው ወጥ ቤት ነው?" ብለው ይጠይቁ ጀመር። አዎ ያላቸውን፣ "ያለ ጓንት እንዳትልጥ" ይሉትና ይሸኙታል።