ዋልያው በየት በኩል ነበር

መኪናው ውስጥ አራት ነበርን፦ አያቴ፣ መኪናውን የሚነዳው አጎቴ ሰይድ፣ እህቴ ዘይነባና እኔ። ዛሬ መርሳ መናኸሪያ የጋለ ፍሬን ሲሸተኝ ያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ቁልቁለት ትዝ አለኝ።

አያቴ ጎንደር ዓይናቸውን ታክመው ፋሻው በተነሳ ማግስት ነበር። አጎቴ "ተራራውን ይዩበት" ብሎ ወደ ፓርኩ ይዞን ወጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ፍሬን ያዘና ጮኸ።

"አባባ፣ ዋልያ! ጢሙ ያንቱን ያህላል!"

አያቴ ከጎናቸው ወዳለው መስኮት ዞሩ።

"አየሁት፤ አልሐምዱሊላህ። እውነትም ጢማም ነው። በሉ አገራችን እንግባ።"

አጎቴ በደስታ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይናቸው የጠየቃቸው የለም።

እኔ የማስታውሰው ዋልያው በግራ፣ በአጎቴ በኩል ቆሞ ነው። አያቴ የዞሩት ወደ ቀኝ ነበር። አጎቴ፣ ዘይነባ፣ እናንተስ በየት በኩል አያችሁት?