በጾም ቀን የተለካ ስኳር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ብዙ የምናገር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን መመስከር እፈልጋለሁ፤ እዚሁ ቆሜ የተናገርኩትንም ማረም አለብኝ።

ያደግሁት ወንጂ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ አዳማ ታይፒስት ሆንኩ። ስኳር የያዘኝ በአርባዎቹ ዕድሜዬ ነው፤ ጌታን የተቀበልኩት ከዚያ በኋላ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋ ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዝን። በሦስተኛው ቀን ስኳሬን ብለካ እንደ ጤነኛ ሰው ሆኖ አገኘሁት። እሑድ ወጥቼ፣ "ጌታ ፈውሶኛል፤ መርፌውን ትቻለሁ" አልኩ። እናንተም እልል አላችሁ። ቤት ስንገባ ልጄ ሣራ፣ "እማዬ፣ ሦስት ቀን ሳትበዪ የለካሽው እኮ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ እምነት የለሽም" ብዬ መለኪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ዓመት ሳይሞላ በቀኝ ዓይኔ ፊት ጥላሸት የመሰለ ነገር ይንሳፈፍ ጀመር። ግራው ጭራሽ ጨለመ። ለማንም አልተናገርኩም። በሴቶች ኅብረት ቃሉን አንብቢ ስባል፣ በቃሌ የማውቀውን ምዕራፍ እያልኩ ዝም ብዬ ገጽ እገልጥ ነበር። በመጨረሻ ሣራ እጄን ይዛ አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ፣ "እማማ፣ መርፌዎን ይወስዳሉ?" አለኝ።

"ትቼዋለሁ። ተፈውሼ ነበር።"

"ማን ነገረዎት?"

"መለኪያው።"

"መቼ ለኩት?"

"በጾም ጸሎት ጊዜ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እማማ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። አሁን ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት የደም ሥሮች ደምተዋል፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይንዎ መጋረጃም ከቦታው እየተላቀቀ ነው። ግራው ጊዜው አልፎበታል። ቀኙን ቀዶ ሕክምና እናድርግለት።"

ወደ ኮሪደሩ ስወጣ አንዲት ሴት፣ "አካም ጅርቱ፣ እትዬ?" አለችኝ። በድምፅዋ አወቅኋት፤ ደስታ ናት፣ ከዓለም ጤና ከተማ እየመጣች ከእኛ ጋር የምታመልከው ሽንኩርት ነጋዴ። "እኔ እኮ በእርስዎ ምስክርነት ነው የስኳር መድኃኒቴን የጣልኩት" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጌታንም ጠየቅሁት። ያልነገረኝን ነገረኝ ብዬ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጋረጃው እንዲጣበቅ ለአሥር ቀን ፊቴን ደፍቼ እንድተኛ ታዘዝኩ። ሣራ፣ "እማዬ፣ ይህን ያህል ተደፍተሽ ጸልየሽ ታውቂያለሽ?" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ጌታ ይክበር። ቀኝ ዓይኔ ሁለት ጊዜ ሌዘር ተደርጎለታል፤ ሞራም ወጥቶለታል። ሐኪሙ በየቀጠሮው፣ "ባለበት ቆሟል" ይለኛል። ግራው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም፤ እኔም አልደብቀውም። የቀረልኝን የጠበቀልኝ ጌታ ስሙ ይባረክ። በሐኪሙ እጅም ይሁን በመርፌው፣ የጠበቀኝ እሱ ነው።

ደስታ ያውና፣ ከፊት ተቀምጣለች። እሷን ሌዘሩ ብቻ በቃት። ወደ ቀጠሮ አብረን ነው የምንሄደው። ባለፈው እሑድ የጾም ጸሎት ሲታወጅ፣ "እትዬ፣ የፊተኛውን ምስክርነትዎን ሁሉም ሰምቷል። ይሄኛውን ማን ይንገራቸው?" አለችኝ። ስለዚህ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ጾሙ ነገ ይጀምራል። ስኳር ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጹሙ፤ መድኃኒታችሁንም አትተዉ። ጌታን እመኑት፤ መርፌ በመውሰዳችሁ አይቀየማችሁም። እኔ ነገ መርፌዬን ተወግቼ፣ ቁርሴን በልቼ እመጣለሁ። ቃሉን እንዳነብ ተመድቤያለሁ። በቃሌ የማውቀውን አትምረጡልኝ። የፈለጋችሁትን ገጽ ክፈቱልኝና አነብላችኋለሁ።