ግራ እጄ ፕሮግራም ሲማር

በወደቡ አጠገብ በምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የመኪኖችን ጭነት የምታሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነበረችን። የጻፋት ልጅ ጥሎን ፈረንሳይ ገባ፤ ፕሮግራሟም እየተሳሳተች መቁጠር ጀመረች። በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ»፣ ጌታዬ፣ እያልን የምንጠራው አለቃዬ አስጠራኝና «በዚህ ወር ወይ አንተ ታስተካክላታለህ፣ ወይ የተማረ ልጅ አምጥቼ ወንበርህን እሰጠዋለሁ» አለኝ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ለእኔ ቢጤ ሽማግሌ ጅቡቲ ላይ የቀረው ወንበር የፀጉር ቤት ብቻ ነው።

ፕሮግራሟ የምትታረምበት መጻፊያ ማውስ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁሉም በቁልፍ ነው። የነካኸውን ፊደል ሲጽፍልህ ይቆይና «ኢስኬፕ»ን ስትነካ ያው ፊደል ትእዛዝ ይሆናል። «ዲ» የምትባለዋን ፊደል ሁለቴ ከነካህ መስመሩ እልም ይላል። «ዩ»ን ስትነካ የጠፋው ይመለሳል።

አርሂባ ሰፈር የሚኖር አንድ ሶማሌ ቴክኒሺያን ሊያስተምረኝ ፈቀደ። ግን የቀኑ ጫት በሰባት ሰዓት ከተማ ካልገባ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ትራስ ተደግፈን፣ ኮምፒውተሩን መሀል አድርገን እንማራለን።

ባለቤቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «ጽዋ ማኅበርተኛው! ዛሬም ጫት ነው?»

«ትምህርት ነው እኮ።»

«ታዲያ ደብተሩ ምነው ቅጠል ሆነ?»

መምህሬ «አዴር» ይለኛል፣ አጎቴ ማለቱ ነው። «አዴር፣ እጅህ ከኪቦርዱ አይነሳ!» ይላል። የቱ እጄ? ቀኙ ይጽፋል፣ ግራው ጫት ይቀነጥሳል። ወሩ ሲያልቅ ቀኙ ሊቅ ወጣው። ግራውም ሳላየው ቀንበጡን ከገራባው ይለይ ጀመር።

የወሩ ቀጠሮ በደረሰበት የፈተናው ቀን ጠዋት አለቃዬ ከኋላዬ ቆመ። የሠለጠነ ሰው ልምሰል ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ። ኢስኬፕን ነካሁና የተሳሳተውን ስሌት በዓይኔ መፈለግ ያዝኩ። ግራ እጄ ሥራ ሲፈታ ልማዱን ጀመረ፤ ቀንጠስ፣ ቀንጠስ። ከጣቱ ሥር ደግሞ «ዲ» ነበረች። መስመሮቹ ተራ በተራ ረገፉ።

«ምን እያደረግክ ነው? ፕሮግራሟን በላሃት እኮ!»

ግራ እጄን ከጭኔ ሥር ወትፌ ተቀመጥኩበት። በቀኜ ዩ፣ ዩ፣ ዩ። ሁሉም ተመለሰ። ስሌቱን አገኘሁት፣ አረምኩት፤ የመኪናው ክብደት ልክ መጣ።

አለቃዬ ስክሪኑን አየና እኔን አየኝ። «እጅህ ላይ ለምን ተቀመጥክ?»

«ሙሴ፣ እሱ እስከ ሰባት ሰዓት ሥራ አይገባም።»

ሳቁን ስጠብቅ የራሱን ግራ እጅ ተመለከተ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ባዶ አየር ይቀነጥሳሉ። ቶሎ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና «በል ቀጥል፣ ወንበርህን የሚወስድብህ የለም» ብሎኝ ወጣ።