አረቄ የሸተተው የጥርስ ምርመራ

ነቀምት አጠገብ ባለችው ዲጋ አማርኛ ላስተምር የተመደብኩ ጎጃሜ ነኝ። የትምህርት ቤቱን የጤና ክበብ ሰው ጠፍቶ እኔ ላይ ጫኑብኝ፤ እኔ ደግሞ ከያዝኩ መልቀቅ አላውቅም! በየሰኞው ተማሪውን አሰልፌ፣ አፍ እያስከፈትኩ፣ ‹‹የተበላ ጥርስ በቤት መድኃኒት አይድንም፤ ሐኪም ጋ ነው!›› እያልኩ እደነፋለሁ። የኔው መንጋጋ ግን ከተበላ ከርሟል። ማስነቀል እፈራለሁ። በቃ፣ ፈሪ ነኝ!

አንድ ሰኞ ጠዋት ሕመሙ ሲያንገበግበኝ ጎረቤቴ የሰጠችኝን አረቄ ጥርሴ ላይ ያዝ አድርጌ ተፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ሽታው አብሮ አልተተፋ! ሰልፉ ፊት ቆሜ ‹‹አፍ ክፈቱ!›› ከማለቴ የፊተኛው ረድፍ አፍንጫውን ያዘ።

‹‹ቲቸር ጠጥቷል!›› አለ አንዱ።

ሳቁ እስከ ኋላ ተዛመተ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱን አጨፍግጎ ከቢሮው ወጣ። ወይኔ ጉዴ! ለጥርሴ ነው ብል ያስተማርኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን፤ ዝም ብል በስካር ከሥራ ልባረር። እንጀራዬ ይበልጥብኛል አልኩና አፌን ከፈትኩ።

የክበቡ ሊቀመንበር፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የርዕሰ መምህሩን ስልክ ተቀብላ አበራችብኝ።

‹‹ዋዮ! ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዋሻ ነው!››

ርዕሰ መምህሩም ጎንበስ ብሎ አየና በሳቅ ፈረሰ። ተማሪው ሁሉ ሊያይ ተሰለፈ። በሕይወቴ እንዲህ ሥርዓት ያለው ሰልፍ አይቼ አላውቅም፤ አፌን በረገድኩበት እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። ስሜን መዝገቧ ላይ ጻፈች።

‹‹ቲቸር፣ ሕግ ሕግ ነው። ጥርሱ የተበላ ወላጅ ያመጣል፤ አብረው ሐኪም ጋ ይሄዳሉ።››

ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንን ልውቀስ?

‹‹እናቴ ጎጃም ናት!›› አልኳት፣ ያመለጥኩ መስሎኝ እየፈነደቅሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቷን ይዛ መጣች። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያቸውን ጥለው ነው የመጡት። ክንዴን ያዙና ሚኒባስ ውስጥ ከተቱኝ፤ ነቀምት እስክንደርስ አልለቀቁኝም። ሐኪሙ መርፌውን እያዘጋጀ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

‹‹እርስዎ ምኑ ነዎት?›› አላቸው።

‹‹ኢልማ ኮ›› አሉት፤ ልጄ ነው ማለታቸው ነው።

መርፌው ገና ሳይነካኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሐኪሙ የፈራሁ መስሎት ‹‹አይዞህ፣ አያምም›› አለኝ።