ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር

እኛ ዘንድ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አለቃው ቢሮ ይገባል፣ በጥልፍ ጨርቅ ይሸፈናል፣ የበሩ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይቀራል። አሶሳ ውስጥ በማስተምርበት ኮሌጅም እንዲሁ ሆነ። ተማሪዎቹ ግን፣ ሌላ አገር ተጠቅሞባቸው ሲሰለቸው በእርዳታ ስም የላካቸውን አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ይዘው ቀሩ።

በእነዚያ አሮጌዎች የምታስተምር አንዲት የአዋላጆች መምህርት ነበረች። የሆሞሻ ልጅ ናት፣ ብሔሯ በርታ፤ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ማስተማር። አንድ ቀን ክፍሌ ድረስ መጣች።

«ያ አኹይ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ልጅ አይዞርም። ማህፀን ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ተማሪዎቼ እንዲያዩት አድርግልኝ።»

አደረግኩላት፤ ያውም በድሮው መንገድ። ድሮ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግራፊክስ ካርዱን፣ ስክሪን ላይ ምስል የሚሥለውን የኮምፒውተሩን ክፍል፣ የሚያዘው ምግብ ቤት እንደገባ ደንበኛ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የለም። ሦስት ማዕዘን እዚህ፣ መብራት እዚያ፣ ቀለሙ ይህ፣ አበቃ። ካርዱም ሲሠራ ከተሰጠው ሙያ በቀር ሌላ አያውቅም። ልጁ ፕላስቲክ መሰለ፤ ግን ዞረ። ከቶንጎ የመጣች ተማሪ በእግሩ የሚመጣውን ልጅ በማውሱ እያዞረች አይታ «እንዲህ ነው እንዴ!» ብላ ጮኸች። መምህርቷ ያን ቀን ስትስቅ አየኋት።

እኔን ግን ፕላስቲኩ አሳፈረኝ። ዓለም ጥሎን ሄዷል። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩ አልበቃንም ሲሉ ካርድ ሠሪዎቹ ወጥ ቤቱን ከፈቱላቸው፤ ሼደር የሚሉትን ትንሽ ፕሮግራም እየጻፉ የፈለጉትን ራሳቸው እንዲያበስሉ ሆነ። አብሳዩ ሲበዛ ካርዱ እንደገና ተሠራ። ለተሠራው ካርድ አዲስ የማዘዣ ቋንቋ ወጣ፤ አዲሱ ቋንቋ ደግሞ አሮጌውን ካርድ አላውቅህም አለው። ካርዱ ቋንቋውን እየጎተተ፣ ቋንቋው ካርዱን እየገፋ እንዲህ አብረው አደጉ። ሆሞሻ ላይ፣ ሸርቆሌ ላይ ምን ዓይነት ካርድ አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን ኮሌጁ አሥራ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ለቢሮ ሥራ ሊወስድ ማሰቡ ተሰማ። ገምጋሚዎች መጥተው ትምህርቱን ያያሉ፤ ካልጣማቸው ይወሰዳሉ።

«ልጆቼ ገጠር ሲመደቡ ብቻቸውን ነው የሚያዋልዱት» አለችኝ መምህርቷ፤ ተማሪዎቿን ማለቷ ነው። «እዚህ ካላዩት የት ያዩታል?»

«አይዞሽ፣ አስደንቃቸዋለሁ» አልኳት።

እንግዳ ሲመጣ ደህናውን ማውጣት ያደግንበት ነው። አለቃውን ለምኜ ጨርቁን አስገለጥኩና በዚያ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን በአዲሱ ቋንቋ እንደገና ጻፍኩት። የልጁ ጆሮ ብርሃን ሲነካው ቀላ የሚል፣ የሚያሳሳ ሆነ። አለቃው ራሱ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። በግምገማው ጠዋት በፍላሽ ይዤው ሄጄ አሥራ ሁለቱም ላይ ጫንኩት። የድሮውን አጠፋሁት፤ እንግዳ ፊት እንዳያዋርደን ብዬ። ሞክሬው ነበር? እንዴታ፣ ጨርቅ በለበሰው ላይ።

ገምጋሚዎቹ ተቀመጡ፣ ተማሪዎቹ ከፈቱ፣ አሥራ ሁለቱም ስክሪን ጥቁር ሆነ። ካርዱ ይህን አይችልም የሚል አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! እነዚያን ካርዶች የሠሯቸው ድርጅቶች ረስተዋቸው ስለኖሩ የሚጫን ማሻሻያ እንኳ የለም። የድሮውን ፕሮግራም ፍላሼ ላይ ፈለግኩት። ለካ ራሴው በላዩ ላይ ጽፌበታለሁ።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ጨዋ ሰው፣ «ችግሩ ምን ይሆን?» አለኝ። ዕድል ከተባለ ያ ነበር ዕድሉ። መምህርቷ ታየኛለች። እኔም ስለ ድሮው ቋንቋ፣ ስለ አዲሱ ቋንቋ፣ ስለ ሼደር፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ እስኪመስል ድረስ አብራራሁ። ሰውየው ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል ማለት ነው፤ ለደብዳቤ ይበቃሉ» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ተጭነው ሄዱ።

በግምገማው ዕለት እንግዶቹ እንደወጡ ይቅርታ ልጠይቃት ቀረብኩ። ወንበር እየሰበሰበች ነበር። አልጮኸችብኝም።

«ስለ ካርዱ ሁሉንም ነገርካቸው» አለችኝ። «ስለ ልጆቼ አንድ ቃል አልነበረህም?»

እነሆ፣ አሁን እንኳ ስለ እሷ እጽፋለሁ ብዬ ተቀምጬ ግማሹን ወረቀት የፈጀሁት ስለ ካርዱ ነው።